ለጀርባዋ የዘራሁት ካሌንዱላ

ይድረስ ለእሜቴ፤ ትንሽ ሳለች ጫማዬን ውሃ ሞልታ «ዓሣ ላረባበት ነው» ላለችኝ የልጅ ልጄ።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲመጣ የሚይዝሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ ጭራሽ ቤተኛ ሆኖ ቀረ? ባልሽስ ደህና ነው? አሁንም ነገር ሲጠይቁት መልሱ ጣሪያው ላይ የተጻፈ ይመስል ወደ ላይ ያንጋጥጣል? ትንሹስ? ባለፈው በእናትሽ ስልክ ሳየው ጆሮው ቁርጥ የእኔን ነው፤ ከዚህ ሁሉ ዘር ማንዘር መርጦ ጆሮዬን መውሰዱ ምን ዓይነት ዕድል ነው። እኔ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምርልሽ ጉልበቴ ይታዘበኛል። ጉልበቴ፣ ወገቤ፣ የግራ ጆሮዬ፣ እነዚህ ናፍቆት አይደሉም። ቢሆንም ቆሜ እሄዳለሁ፣ እናትሽን አበሳጫለሁ፣ አያትሽን፣ እማማሽን፣ ልታክም ከምትመጣው ነርስ ጋር እነታረካለሁ፤ እንግዲህ አለ በይ።

እናትሽ ደህና ናት ማለት ይቻላል። ጠዋት ከሥራ በፊት ትመጣለች፣ ማታ ከሥራ በኋላ ትመጣለች፤ አንሶላ ትቀይራለች፣ ታጥባለች፣ ታሰጣለች። በዚያ መሃል ለእኔ የሚሆን ቁጣም አታጣም። በቀደም «አባባ፣ ይሄን ኮት የምታወልቀው መቼ ነው?» አለችኝ። «ሰዎች ተሰብስበው ሲያወልቁልኝ» አልኳት። ዱሮ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ባልዲዋን አንስታ ወጣች።

ባለፈው ስትደውይ «አባባ፣ ስለ እማማ ስጠይቃት እናቴ ታለቅስብኛለች እንጂ አትነግረኝም፤ አንተ እውነቱን ንገረኝ፤ ሥራዬን ጥዬ አሁን ልምጣ ወይስ የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ እስኪያልቅ ልጠብቅ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔም ስለ ዝናቡ አወራሁልሽ። ሽማግሌው ጃጀ ብለሽ ይሆናል። አልጃጀሁም፤ እማማሽ አጠገቤ ተኝታ እየሰማችኝ ነበር። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ጆሮዋ ብቻውን ወጣት ሆኗል። አሁን ግን ነርሷ መድኃኒቷን ሰጥታት እንቅልፍ ወስዷታል፤ እኔም በርጩማዬን ይዤ ጓሮ ወጥቻለሁ። መልሱን እዚሁ ወረቀት ላይ እሰጥሻለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ አበባው ልንገርሽ፤ የአበባውን ጉዳይ ሳልነግርሽ መልሱ አይገባሽም።

ዘሩን የሰጠሽው ሰው በሰላም አድርሶልናል። ከአከራይሽ ግቢ የለቀምሽውን የካሌንዱላ አበባ ዘር እንዳለ፣ ከነገለባው፣ በወረቀት ጠቅልለሽ ልከሽልን የለ? «ዘርታችሁ አበባውን ዘይት ውስጥ ነክሩት፣ ለእማማ ጀርባ የመኝታ ቁስል ቆዳ ያለሰልሳል ይላሉ» ብለሻል። እኔም ዕለቱን ልዘራው ተነሳሁ። እማማሽ ናት ያስቆመችኝ። ዘር ሳይለቀም መሬት ላይ መጣል ለእሷ ሳይታጠቡ ከመብላት ይብሳል።

ታውቂያለሽ፣ እኔና እሷ ዕድሜያችንን የፈጀነው እህል መጋዘን ውስጥ ነው፤ እኔ ሚዛን ላይ፣ እሷ ለቀማ ላይ። የለቃሚዎቹ አለቃ ነበረች። በእሷ እጅ ያለፈ ምስር የማንንም ጥርስ አልሰበረም ይባልላት ነበር፤ እሷም ሰዎቹ ይህን ማለት ከረሱ ታስታውሳቸው ነበር። እና ትራስ ደራርበን ቀና አደረግናት፣ ትሪ ጭኗ ላይ አስቀመጥንላት፣ መነጽሯን አደረግንላት። ወረቀቱን ፈታ ገና እንዳየችው ፊቷ ጠቆረ። «ሰውየው፣ ዘሩ መንገድ ላይ ትል ገብቶበታል» አለችኝ።

እኔም አየሁ። እውነቷን ነው፣ ትል ነው። ቡናማ፣ ጥምዝ ያለ፣ ጀርባው ሸንተረር ሸንተረር ያለው፣ ደርቆ የሞተ ትል። አንድ በአንድ በጣቷ ጫፍ እየለየች ቆርቆሮ ክዳን ላይ ሰበሰበችው። ግማሽ ቀን ፈጀባት። እናትሽ «ድከሚ ቢልሽ ነው» ስትላት «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ትል ዘርተን ትል ልናጭድ ነው?» ትላታለች። ስትጨርስ ትሪው ላይ የቀረው ገለባ፣ የደረቀ የአበባ ብጥስጣሽና ሁለት ሦስት ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ነበር። «ንጹሑ ዘር ይሄ ነው» አለች፣ ላቧን እየጠረገች። በዕድሜዬ ሙሉ እሷ ያበጠረችውን ስመዝን የኖርኩ ሰው ምን ብዬ እከራከራለሁ? «ትሉን ደግሞ አቃጥለው» አለችኝ። እኔ እሳት ማያያዝ ሰልችቶኝ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ፣ ውሃው ከሚንዶለዶልበት ጥግ ደፍቼው መጣሁ። «አቃጠልከው?» አለች። «ዐመድ ሆነ» አልኳት።

ከመስኮቷ ሥር መደብ ቆፈርኩ። ሳጎነብስ ወገቤ እንደ አሮጌ በር ሲጮህ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ምርኩዟ ለመሄጃ ስለማይሆናት አሁን መስኮት መምቻ ሆኗል፤ ውሃ ካበዛሁ ትመታለች፣ ካሳነስኩ ትመታለች፣ ደህና ከሠራሁም ትመታለች፣ እንዳልኮራ። ያንን መደብ እንደ ሕፃን ነው ያሳደግኩት። ጠዋት አጠጣለሁ፣ ማታ አጠጣለሁ፣ ድመቷን አባርራለሁ። ምንም የለም። ቡቃያ እንኳ የለም። ምርኩዟም መስኮቱን መምታት ተወ። አንድ ቀን «መሬቱ ይሆናል» አለችኝ፣ ድምፅዋ ግን ስለ መሬት የምታወራ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ያኔ ነው አንቺ «ዘሩ እንደዚህ ነው፣ አትሳቱት» ብለሽ ፎቶ የላክሽው። እናትሽ ስልኳን ስታሳየኝ እዚሁ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ትሎቻችን ናቸው። በመስታወት አጉልቶ ያነሳቸው ይመስላሉ፤ ጥምዛቸውም ሸንተረራቸውም ያው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ሳጠጣ የኖርኩት ገለባ ነው። ወደ ልብስ ማጠቢያው ኋላ ብሄድ፣ እሜቴ፣ በሳሙና ውሃ መሃል ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል፤ አረም መስሎኝ ስረግጠው የከረምኩት ነው። ቅጠሉን ባሸው ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

እናትሽ ልትነግራት ወደ ውስጥ ስትሄድ ቀሚሷን ያዝኳት። «አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» አልኳት። እማማሽ እንቅልፍ ሲወስዳት በማንኪያ ከነአፈሩ እያነሳሁ ወደ መስኮቷ ሥር አዛወርኩት። ግማሹ ደረቀ፤ ግማሹ ያዘ። ነቅታ አንገቷን ቀና አድርጋ ስታየው ምን አለች መሰለሽ? «አላልኩህም? በእኔ እጅ የተለቀመ ዘር ባዶ አይቀርም።» «አሜን» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ። ለነርሷም ነገረቻት፣ ለእናትሽም ነገረቻት፣ መድኃኒት ሊያደርስ ለመጣው ለማታውቀው ሰውዬም ነገረችው። ስለዚህ ስትደውዪ ስለ ትል ትንፍሽ እንዳትይ። ያ ለቀማ የመጨረሻ ሥራዋ ነው። ከዚያ ወዲህ ከምርኩዟ በቀር ኩባያ እንኳ ጨብጣ አታውቅም።

አበባው ደረሰ። ቀለሙን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የእንቁላል አስኳል ሲበስል ይመስላል። ፀሐይ ስትሞቅ ይከፈታል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይከደናል። እማማሽ ደግሞ «ይሄ የቢሮ ሠራተኛ ነው፣ አርፍዶ ገብቶ በጊዜ ይወጣል» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ገባ?» ትለኛለች። «ገብቷል» እላታለሁ። ከሰዓት በኋላ «ወጣ?» ትለኛለች። የምናወራው ይህንኑ ሆነ። ትዳራችን ከዚህ ባነሰ ወሬ የኖረበትም ዘመን ነበረና አልከፋኝም።

ጭቅጭቁ የተነሳው ስቀጥፍ ነው። አንቺ እንዳልሽው ጤዛው ሲደርቅ፣ አበባው በደንብ ሲከፈት ጠብቄ መቅጠፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ገና ስበጥሰው ምርኩዙ መስኮቱን ሊሰብረው ደረሰ። ገባሁ።

«ምን አድርጎህ ነው አንገቱን የምትቆርጠው?» አለችኝ።

«ለጀርባሽ ነው እኮ የዘራሁት» አልኳት።

«ጀርባዬ አያየውም» አለችኝ።

እንግዲህ ስድሳ ዘመን ያህል በአፍ የማልሸነፍ ሰው ነኝ ብዬ ስኮራ ኖሬያለሁ፤ እዚያች ላይ ግን ተሸነፍኩ። በኋላ ተደራደርን። ከመስኮቱ ፊት ያለው የዓይኗ ድርሻ ሆነ፤ ከግድግዳው ጥግ ያለው፣ ከትራሷ ላይ ሆና የማታየው፣ የጀርባዋ ድርሻ። እኔም ጥግ ጥጉን ቀጠፍኩ። ታዲያ ይሄ አበባ ነገረኛ ነው። የቀጠፍኩት ሌላ ያወጣል፣ ሌላውን ስቀጥፍ ሌላ ያወጣል። ለዓይኗ ብዬ ያልነካሁት ደግሞ ወዲያው ዘር ቋጥሮ ጠወለገ፣ ማበቡንም ተወው። የዓይኗ ድርሻ ቡናማ ሲሆን የማታየው ጥግ ብርቱካን መስሎ ያበራል። ሲገባኝ ጊዜው አልፎ ነበር። «ለምን ደረቀ?» ስትለኝ «ፈቃድ ወጥቶ ነው» አልኳት። ፈገግ አለች፤ ብዙ ሳትቆይ ግን ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች።

የቀጠፍኩትን ጥላ ላይ በጨርቅ አሰጣሁ። ጣቴ ማር የነካው ይመስል እየተጣበቀ በር በከፈትኩ ቁጥር እጀታውን እያጣበቅኩ እናትሽን አስለቅሳታለሁ። ሲደርቅ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት፣ ዘይት ሞላሁበት፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አስመታሁት፣ አጠለልኩት። ነርሷ አሸተተችው፣ ጠርሙሱን ዞር ዞር አድርጋ አየችው። «አባባ፣ ዙሪያውን፣ ያልቆሰለውን ቆዳ ይቀቡላት፣ አይከፋም። ቁስሉ ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ እንዳይገባ» አለችኝ። ማታ እናትሽ ስትመጣ ወደ ጎን እናገላብጣታለን፤ እኔ እቀባለሁ። «እጅህ ሻካራ ነው፣ ዘይቱ ግን ደህና ነው» ትለኛለች። እውነትም ዙሪያው ለስልሷል። ቁስሉ ግን፣ እሜቴ፣ ስፌት የተፈታ ኪስ ሆኗል። እኔ ዳር ዳሩን እቀባለሁ፣ እሱ መሃል መሃሉን ይበላል።

ሰሞኑን ነርሷን በር ድረስ ሸኘኋት። ሳልጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ቁስሉ አጥንት ደርሷል። ሐኪሙም ሆስፒታል መመላለሱ ለእንግልት ካልሆነ አይጠቅማትም፣ ቤቷ ትሁን ብሏል። «ከእንግዲህ የምንሠራው እንዳያማት ነው እንጂ እንዲድን አይደለም፣ አባባ» አለችኝ። እኔም ቀልዴ አይለቀኝምና «የልጅ ልጃችን እስክትመጣ ትንሽ አታቆዪልኝም? ጉቦ ካስፈለገ አበባ አለኝ» አልኳት። «መቼ ነው የምትመጣው?» አለች። «ወረቀቷ ሲያልቅ» ብዬ ጊዜውን ነገርኳት። ነርሷ ጫማዋን አየች። ጫማው ደግሞ አዲስ አልነበረም።

አሁን ብዙውን ጊዜ ትተኛለች። ስትነቃ እናትሽን በአንቺ ስም ትጠራታለች፤ እናትሽም «አቤት» ትላለች። ምግብ በማንኪያ ጫፍ ነው፣ እሱንም ለእኔ ብላ ነው የምትውጠው። አበባው ራሱ እያለቀ ነው። ቅጠሉ ዱቄት የነፉበት ይመስል ነጭ ለበሰ፣ ግንዱን ጥቁር ቅማል ወረሰው። በሳሙና ውሃ አጠብኩት፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ዘሩ መሬት ላይ ተበትኗል፤ አልሰበሰብኩትም። ማን ይለቅምልኛል ብዬ?

እንግዲህ መልሴን ልስጥሽ። አትምጪ።

አትደርሺባትም። ወረቀትሽን ጥለሽ ዛሬ ብትነሺ እንኳ አትደርሺባትም፤ ብትደርሺም አንቺን ለይታ «መጣሽ» የምትልሽ አይመስለኝም። እዚህ ከገባሽ ደግሞ መመለሻ እንደሌለሽ አንቺው ነግረሽኛል። ያ ጆሮዬን የወሰደ ልጅ እዚያ ከአባቱ ጋር ይቀራል፣ አንቺ እዚህ ከእኔ ጋር ትቀሪያለሽ። እኔ ደግሞ ልጅ ጥለው የሚመጡለት ዕቃ አይደለሁም። እውነቱን ለመናገር ነይ ማለት አምሮኝ ነበር። ከዚህ በፊት በጻፍኩልሽ ወረቀት ላይ «ቶሎ ነይ» ብዬ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ከሥሩ አስምሬበት። ከዚያ ልጅቷን ማን ነው የፈለጋት ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፤ እኔ ነኝ። ብቻዬን ላለመቅረት ነው። ቀደድኩት።

ወደፊት ሰው «አያትሽ ሲታመሙ ለምን አልሄድሽም?» ብሎ ሲነዘንዝሽ፣ ወይ ራስሽን ስትነዘንዢ፣ «ያ ክፉ ሽማግሌ ከለከለኝ» በይ። አፍሽን ሞልተሽ በይው፤ ክፉ መባል ለምጄዋለሁ፣ ምንም አይለኝም። ለእናትሽም እንደዚሁ ብዬ ነግሬያታለሁ። አኮረፈችኝ፤ ማታ ግን መጥታ ትራሴን አስተካከለችልኝ።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። እኩለ ቀን ላይ፣ ነቃ ስትል፣ ደውይላት። እንዴት ነሽ አትበያት፤ መልስ ማግኘት ያደክማታል። ዝም ብለሽ አውሪ። የባልሽን ክፉ ጠባይ ንገሪያት፣ ከሌለው ፈጥረሽ ንገሪያት፤ የሰው ባል ሲታማ ደስ ይላታል። ካለቀስሽ ስልኩን እዘጋዋለሁ፣ ታውቂኛለሽ። አንድ ቀን እናትሽ ደውላ ዝም ካለችሽ አትጠይቂያት፤ አንቺም አብረሻት ዝም በይ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ በሐሜቱ እንዳይቀየመኝ፣ ለሕመምተኛ መድኃኒት ሆኖ ነው። ትንሹን ሁለቱንም ጆሮዎቹን ሳሚልኝ፣ ቀኙን በእማማው፣ ግራውን በእኔ። አከራይሽን ስለ አበባዋ አመስግኚልኝ፤ በቅሏል፣ አምሯል በያት፣ ከዚያ በላይ አታብራሪላት። እናትሽ ሰላም ትልሻለች፣ ወፍራም ካልሲ ልበሺ ብላለች። ነርሷም በስልክ የሰማችሽን ያህል ታውቅሻለችና ሰላም ብላሻለች። ድመቷ መደቡ ውስጥ ተኝታለች፤ ከእንግዲህ አላባርራትም።

እማማሽ መድኃኒቷን ከመውሰዷ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አይታኝ፣ ለማን እንደምጽፍ ገባት። «ሰላም በላት፤ ተነስታ ሁለት እርምጃ ሄደች ብለህ ጻፍላት» አለችኝ። ጽፌያለሁ።

አባባሽ

ከጓሯችን፣ ከመስኮቷ ሥር
መጋቢት ፲፩ ቀን